አንድ መጽሐፍ፥ ልዩ ልዩ አነባበብ

ወጣቶቻችን በሻይ ቤት፥ በተማሪዎች መኝታ ክፍልና ከሥራ መልስ በአውቶቡስ ውስጥ ሳይቀር ደጋግመው ከሚያነሡት የክርክር ርእስ አንዱ ሃይማኖት ነው። በዚህ ማንም ቅር ሊለው አይገባም። ሰው ስለሚያምንበት ነገር ማሰቡና መጠያየቁ ደግ ነው። እኛን የሚያሳስበን የክርክሩ አኳኋን ነው። አንዱ ከጳውሎስ መልእክት አንዲት ቊጥር መዝዞ ይወረውራል፤ ሌላው ከያዕቆብ መልእክት ሌላዋን አንሥቶ ይመልሳል፤ ሦስተኛው ደግሞ በእጅ ስልኩ ፈልጎ ያገኛትን ይጨምርበታል። ከቊጥሯ በፊት ምን እንደ ተጻፈ፥ ከእርሷም ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ የሚጠይቅ አይገኝም። ሻዩ ይቀዘቅዛል፤ ወዳጆቹም ተኳርፈው ይለያያሉ።

ነገሩ በእኛ አገር ብቻ የሚታይ አይደለም። ፒው የተባለው የአሜሪካ የምርምር ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2010 የአገሩን ሕዝብ ስለ ሃይማኖት ዕውቀቱ በጠየቀ ጊዜ፥ ከፕሮቴስታንቶቹ መካከል ከመቶ 53ቱ የተሐድሶውን እንቅስቃሴ የቀሰቀሰው ማርቲን ሉተር መሆኑን ለይተው መናገር አልቻሉም። ከካቶሊኮቹም ከመቶ 45ቱ፥ ኅብስቱና ወይኑ ምሳሌ ብቻ ሳይሆን ሥጋና ደም ይሆናል ብላ ቤተ ክርስቲያናቸው እንደምታስተምር አያውቁም ነበር። ከሁሉም የሚያስገርመው፥ በጠቅላላው ጥያቄ ከፍተኛውን ነጥብ ካገኙት ወገኖች መካከል እግዚአብሔር የለም ወይም መኖሩ አይታወቅም የሚሉት መገኘታቸው ነው። መቼም ስለ ቤቱ ከባለቤቱ ይልቅ ጎረቤቱ አጣርቶ የሚያውቅበት ጊዜ አለ። ነገር ግን አንድ ሰው የራሱን ቤተ ክርስቲያን ትምህርት ሳያውቅ ከሌላው ጋር ሲጣላ፥ የሚጣላው ስለ ምንድን ነው?

እስቲ አንባቢያችን ራሱን ይፈትን። አዳምና ሔዋን የበሉት ፍሬ ምን ነበር? የአውሮፓ ሠዓሊዎች ፖም አድርገው ሥለውታል፤ ኦሪት ዘፍጥረት ግን የፍሬውን ዓይነት አይናገርም። ሰብአ ሰገልስ ስንት ነበሩ? ብዙ ሰው ሳያመነታ ሦስት ይላል። የማቴዎስ ወንጌል ሦስት ዓይነት እጅ መንሻ ይቈጥራል እንጂ የሰዎቹን ቊጥር አልጻፈም። ይህን ስንል ትውፊት ከንቱ ነው ማለታችን አይደለም፤ ብዙ ቤተ ክርስቲያናት ትውፊትን እንደ ትልቅ ሀብት ይጠብቁታል። በጽሑፍ የሰፈረውንና ከአባቶች ሲወርድ ሲዋረድ የመጣውን ለይቶ ማወቅ ግን ሁለቱንም ማክበር ነው።

በአገራችን ንባብና መጽሐፍ ቅዱስ ከጥንት ጀምሮ አብረው የኖሩ ናቸው። ሕፃኑ በየኔታ እግር ሥር ተቀምጦ ፊደል ከለየ በኋላ መልእክተ ዮሐንስን፥ ከዚያም ወንጌለ ዮሐንስን፥ በመጨረሻም መዝሙረ ዳዊትን ያነባል። በዚያን ዘመን "ዳዊት ደግሟል" ከተባለ ሰውየው የተማረ ነው ማለት ነበር። ይሁን እንጂ ንባብ አንድ ነገር፥ ትርጓሜ ሌላ ነገር ነበር። ዳዊትን በቃሉ የሚወጣው ልጅ ግእዙ ምን እንደሚል ብዙ ጊዜ አያውቅም፤ ምሥጢሩ የሚገኘው ከብዙ ዓመት በኋላ በመጽሐፍ ቤት፥ በብሉይና በሐዲስ መምህራን ጉባዔ ነው። እዚያ ደግሞ መምህሩ አንዱን ቃል ይዘው አንድ ፍቺ ብቻ ሰጥተው አያልፉም። "አንድም" እያሉ ሁለተኛውን፥ ሦስተኛውን ያስከትላሉ። የጥንቱ ትምህርት ተማሪውን አንድ ነገር ብቻ እንዲያይ አድርጎ የሚያሠለጥን የሚመስለው ሰው ካለ፥ የአንድምታን መጽሐፍ ገልጦ አላየም ማለት ነው።

ወደዚህ የአነባበብ ልማድ ከውጭ ሌላ ልማድ የገባበት መንገድ ራሱን የቻለ ታሪክ ነው። በካይሮ ከተማ አሰሊን ደ ሼርቪል የተባለ የፈረንሳይ ምክትል ቆንስል ነበር። ይህ ሰው በ19ኛው ምዕት ዓመት መጀመሪያ ላይ አባ አብርሃም ወይም አቡ ሩሚ ከሚባሉ ኢትዮጵያዊ ሽማግሌ ጋር ተገናኘ። አሰሊን መጽሐፍ ቅዱስን ወደ አማርኛ ለማስመለስ አስቦ፥ ለዐሥር ዓመት ያህል ማክሰኞና ቅዳሜ በሩን ለእንግዳ ሁሉ ዘግቶ ከሽማግሌው ጋር ይሠራ ነበር። በፊታቸው ያለው የዐረብኛው መጽሐፍ ነው፤ ቃሉ ሲከብዳቸው ወደ ዕብራይስጡ፥ ወደ ሱርስቱና ወደ ጽርዑ ይመለሳሉ። ሥራው ሲያልቅ 9,539 ገጽ ሆነ። አቡ ሩሚ ግን በካይሮ ወረርሽኝ ሞቱና ድካማቸው ታትሞ ለማየት አልታደሉም። ጽሑፉን ዊልያም ጆዌት የተባለ እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1820 በ1,250 ፓውንድ ገዛው፤ የእንግሊዝና የውጭ አገር መጽሐፍ ቅዱስ ማኅበርም ወንጌላቱን በ1824፥ ሐዲስ ኪዳንን በ1829፥ ሙሉውን መጽሐፍ በ1840 አሳተመ። ስሙ በትምህርት ቤት እምብዛም የማይነሣ አንድ ሽማግሌ፥ ለኋለኛው ትውልድ አማርኛ የዋለው ውለታ ይህን ያህል ነው።

እዚህ ላይ አንባቢ ልብ እንዲልልን የምንፈልገው ሁለት ነገር አለ። ማኅበሩ እ.ኤ.አ. በ1804 ሲቋቋም የያዘው መመሪያ፥ መጽሐፍ ቅዱስን ያለ ማስታወሻና ያለ ማብራሪያ ማሠራጨት ነበር። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ በማኅበሩ ውስጥ ልዩ ልዩ ወገኖች ስለ ነበሩ፥ ማብራሪያ ከተጨመረ የማን ማብራሪያ ይግባ በሚል መጣላታቸው አይቀርም። ለእነርሱ ሰላም የሆነው ይህ መመሪያ ግን፥ ወደ እኛ አገር ሲደርስ የአንድምታን ልማድ ፊት ለፊት ተገናኘው። በአንዱ ወገን፥ ጽሑፉን ለሰው በቋንቋው ስጠው፤ አንብቦ ይረዳዋል የሚል እምነት አለ። በሌላው ወገን፥ ያለ መምህር ማንበብ ያለ መሪ በረሃ መግባት ነው የሚል አለ። ዛሬ በሻይ ቤት ስለ አንዲት ቊጥር የሚፋጩት ሁለት ወጣቶች፥ ብዙ ጊዜ የሚለያዩት በቊጥሯ አይደለም። አንዱ "መጽሐፉ ይናገራል" ሲል ሌላው "አባቶች እንዴት ፈቱት?" ይላል። ይህን ሳይገላልጡ እስከ ማታ ቢከራከሩ አይገናኙም።

ሁለተኛው ነገር የመጻሕፍቱ ቊጥር ነው። በዚያው ማኅበር ውስጥ፥ እንደ መጽሐፈ ጦቢትና መጽሐፈ ዮዲት ያሉት መጻሕፍት አብረው ይታተሙ ወይስ ይቅሩ በሚል ብርቱ ጠብ ተነሥቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1826 ማኅበሩ በገንዘቡ እነዚህን እንዳያሳትም ተወሰነ። በዚህ ምክንያት ከዐሥራ አራት ዓመት በኋላ የወጣው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ስድሳ ስድስቱን መጻሕፍት ብቻ ይዞ መጣ። እንግዲህ አንድ የጎጃም ወይም የሸዋ አንባቢ በእጁ የሚገባውን መጽሐፍ ልክ የወሰነው ለንደን ላይ የተደረገ ጉባዔ ነው ማለት ነው። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሰማንያ አሐዱ ትቈጥራለች፤ ሰማንያ አንዱ የሚሞላበት አቈጣጠርም በየዝርዝሩ አንድ ዓይነት አይደለም። ካቶሊኮች ሰባ ሦስት ይላሉ። ሉተር እንኳ በ1534 ሙሉውን መጽሐፍ በጀርመንኛ ሲያሳትም፥ የሚከራከሩባቸውን መጻሕፍት ለብቻ ለይቶ አስቀመጣቸው እንጂ ጨርሶ አላወጣቸውም። በእኛም ዘንድ ብዙ ሰው የለመደው የ1954 ዓ.ም. የአማርኛ ትርጉም በአብዛኛው በስድሳ ስድስት መጻሕፍት ሲሠራጭ ኖሮ፥ ሰማንያ አሐዱን በአንድነት የያዘው የአማርኛ እትም በቤተ ክርስቲያኒቱ የወጣው በ2000 ዓ.ም. ነው።

መጽሐፈ ሄኖክን የመሰለው ጉዳይ ይህን ሁሉ ያሳያል። መጽሐፉ በሙሉ ተጠብቆ የቈየው በግእዝ ብቻ ነው። ጄምስ ብሩስ የተባለው ስኮትላንዳዊ መንገደኛ እ.ኤ.አ. በ1773 ቅጂዎቹን ይዞ ወደ አውሮፓ ሲመለስ፥ የአውሮፓ ሊቃውንት በስም ብቻ የሚያውቁትን መጽሐፍ በዓይናቸው አዩ። ቈይቶም በሙት ባሕር አጠገብ በቁምራን ዋሻዎች የተገኙት የአራማይክ ቊርጥራጮች የመጽሐፉን ጥንታዊነት አረጋገጡ። በሁሉም ወገን እጅ ያለችው የይሁዳ መልእክት፥ አንድ ምዕራፍ ብቻ ያላት ትንሽ መልእክት፥ የሄኖክን ትንቢት ትጠቅሳለች። ታዲያ ሄኖክን የማይቀበለው ክርስቲያን ይህን ሲያነብ ምን ይላል? የሚቀበለውስ አብዛኛው ዓለም ለምን እንዳልተቀበለ ሲጠየቅ ምን ይመልሳል? ሁለቱም መልስ አላቸው፤ መልሱን የሚያውቁት ግን ያነበቡት ናቸው።

ከመጻሕፍቱ ቊጥር ወደ ቃሉ ስንወርድ ደግሞ ሌላ ጉድ እናገኛለን። በአገራችን ኦርቶዶክሶችንና ፕሮቴስታንቶችን ዘወትር ከሚያጋጥሟቸው ቦታዎች አንዱ የሮሜ መልእክት ምዕራፍ 8 ቊጥር 34 ነው። አንዱ ትርጉም የመማለድን ቃል ሲያስገባ፥ ሌላው ወደ ሙግትና ወደ ፍርድ የሚያዘነብል ቃል ያስገባል። ከዚህም የተነሣ "መጽሐፉን ለወጡት" የሚል ክስ ከወዲህና ከወዲያ ይሰማል። የግሪክኛው ግስ በመሠረቱ ከአንድ ባለ ሥልጣን ፊት ቀርቦ ጉዳይ ማቅረብን የሚያመለክት ነው። ስለ ሰው ሲቀርቡ ልመና ይሆናል፤ በሰው ላይ ሲቀርቡ ክስ ይሆናል። በዚያው መልእክት ምዕራፍ 11 ላይ ነቢዩ ኤልያስ በእስራኤል ላይ ሲያቀርብ የተነገረው በዚሁ ግስ ነው። ይህን ማወቅ ክርክሩን አይዘጋውም፤ ሁለቱም ወገኖች ከዚህ በኋላ የሚናገሩት ብዙ ነገር አላቸው። ይሁንና ክሱን ያለዝበዋል፤ ምክንያቱም ተርጓሚ ሁሉ ከብዙ ፍቺ አንዱን ለመምረጥ የሚገደድ ሰው መሆኑ ይታያል።

አንዳንዶች፥ "ሰው ሁሉ መጽሐፉን አጥብቆ ቢያነብ ልዩነት ይጠፋ ነበር" ይላሉ። እኛ በዚህ አንስማማም፤ ታሪክም አይደግፈውም። አርዮስና አትናቴዎስ ሁለቱም መጽሐፉን ጠንቅቀው የሚያውቁ ነበሩ። ከተከራከሩባቸው ቃላት አንዱ በመጽሐፈ ምሳሌ ምዕራፍ 8 ስለ ጥበብ የተነገረው ነው። የግሪክኛው ትርጉም ጥበብ "ተፈጠረች" የሚል ፍቺ ሲሰጥ፥ የዕብራይስጡ ግስ ገንዘብ ማድረግንም ያመለክታል። አርዮስ ቃሉን ለራሱ ማስረጃ አደረገው፤ አትናቴዎስም ያንኑ ቃል አልካደም፥ በሌላ መንገድ ፈታው እንጂ። እ.ኤ.አ. በ325 በኒቅያ የተሰበሰቡት አባቶች፥ ወልድ ከአብ ጋር በባሕርይ አንድ መሆኑን ለመግለጽ፥ በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ የማይገኝ የግሪክኛ ቃል በጸሎተ ሃይማኖቱ አስገቡ። ስለ መጽሐፉ የተነሣውን ክርክር ለመቊረጥ ከመጽሐፉ ውጭ ቃል አስፈለጋቸው ማለት ነው። የክርክሩ ወላፈን አክሱም ድረስ ደርሶ ነበር። ንጉሠ ነገሥት ቆንስጣንጢዮስ፥ በአትናቴዎስ እጅ የተሾሙት ፍሬምናጦስ ወደ እስክንድርያ ተልከው እንዲመረመሩ ለኢዛናና ለሳይዛና ደብዳቤ ጽፎላቸዋል።

በገዛ አገራችንም ከ17ኛው ምዕት ዓመት እስከ 19ኛው ድረስ ቅባት፥ ጸጋና ተዋሕዶ የተባሉት ወገኖች የተከራከሩት መጽሐፍ በማያውቁ ሰዎች መካከል አይደለም። ሁሉም በአንድ ግእዝ፥ በአንድ መጽሐፍ ቤት የበቀሉ ሊቃውንት ናቸው። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 10 ስለ ክርስቶስ መቀባት የተነገረው ቃል ምን ማለት ነው? መቀባቱ ለሥጋው ምን አስገኘለት? መዋሐዱስ? በዚህ ጥያቄ ገዳም ከገዳም፥ ጎንደር ከጎጃም ተለያየ። በመጨረሻም በግንቦት 1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ በወሎ ቦሩ ሜዳ ጉባዔ አድርገው ክርክሩን በንጉሠ ነገሥት ትእዛዝ ለተዋሕዶ ፈረዱ። በዚያው ጉባዔ የወሎ ሙስሊሞች ክርስትና እንዲነሡ ታዘዘ። ንጉሡ የአገር አንድነት አስበው ይሆናል፤ ነገር ግን ትእዛዝ አንደበትን ዝም ያሰኛል እንጂ ልብን አያስተምርም፤ የወሎም ታሪክ ይህን ይመሰክራል።

ዛሬ ሕጉ ሌላ ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 11 መንግሥትንና ሃይማኖትን ለይቶ፥ በአንቀጽ 27 የማመን ነጻነትን ሰጥቷል። ነገሩ ግን በወረቀት ላይ እንዳለ አይቀርም፤ በወጣቱ ሹም ጠረጴዛ ላይ ይመጣል። በ1987 ዓ.ም. ቈጠራ ከሕዝቡ ከመቶ 10 ገደማ የነበሩት ፕሮቴስታንቶች በ1999 ዓ.ም. ቈጠራ ከመቶ 18 በላይ ሆነው ተገኝተዋል። ይህ ማለት በብዙ ቤት ውስጥ አባት በአንድ ደብር፥ ልጅ በሌላ የጸሎት ቤት ቆመዋል ማለት ነው። ሰው ሲሞት የት ይቀበር? ዕድሩ ድንኳኑን ይተክላል ወይስ አይተክልም? የመቃብር ቦታ ይሰጠን የሚለው ማመልከቻ ሲቀርብለት፥ ጎረቤቱን በ"ጴንጤ" ወይም በ"ወግ አምላኪ" ስም ብቻ የሚያውቅ ሹም ምን ዓይነት መልስ ይጽፋል? ለእንዲህ ያለው ሰው የሌላውን እምነት በባለቤቱ አነጋገር አጥርቶ ማወቅ የሥራው አንድ ክፍል ነው፤ መቀበል ግን ግዴታ የለበትም።

ትእዛዝ ያልቻለውን ትዕግሥት የሞከረባቸው ጊዜያትም አሉ። እ.ኤ.አ. በ451 ከተደረገው ከኬልቄዶን ጉባዔ ወዲህ የተለያዩት የምሥራቅ ኦርቶዶክሶችና ኢትዮጵያ የምትገኝባቸው ቤተ ክርስቲያናት ሊቃውንት፥ እ.ኤ.አ. በ1964 በዴንማርክ አርሁስ ከተማ መገናኘት ጀመሩ። አራተኛው ስብሰባቸው በ1971 በአዲስ አበባ ተደረገ። የጥንት አባቶችን ጽሑፍ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው ባነበቡ ጊዜ፥ ስለ ክርስቶስ የሚያምኑት አንድ ሆኖ የተለያዩት በቃላት መሆኑን ተናገሩ። ኅብረቱ እስካሁን አልተመለሰም፤ ዐሥራ አምስት ምዕት ዓመት የቈየ መለያየት በአራት ስብሰባ አይፈታምና። እንደዚሁም ካቶሊኮችና የሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን፥ በአገራችን መካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን አባል የሆነችበት ማኅበር ማለት ነው፥ ሰው በምን ይጸድቃል በሚለው ጥያቄ ላይ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 31 ቀን 1999 በአውግስቡርግ ከተማ የጋራ መግለጫ ፈረሙ። የሉተር ጠብ በዋነኛነት የተነሣው በዚህ ጥያቄ መሆኑን ለሚያስታውስ ሰው ነገሩ ትልቅ ነው። በየሻይ ቤቱ ግን ስለ እምነትና ስለ ሥራ የሚደረገው ክርክር ይህ ሁሉ እንዳልሆነ ሆኖ ቀጥሏል፤ ሮሜ ከአንዱ እጅ፥ ያዕቆብ ከሌላው እጅ አልወረደም።

ሮሜ ዐሥራ ስድስት ምዕራፍ ነው። ያዕቆብ ግን አምስት ብቻ ነው፤ ከምሳ ዕረፍት ሩብ ሰዓት ከተገኘ ከላይ እስከ ታች ተነቦ ያልቃል፤ ዕረፍቱ ከተረፈም የሮሜን ምዕራፍ 4 መጀመር ይቻላል። በሁለቱም ዘንድ ስለ አብርሃም የተጻፈውን አስተያይቶ ያየ ተከራካሪ፥ በሚቀጥለው ቀን ለባልንጀራው የሚያቀርበው ጥያቄ ከትናንቱ የተለየ ይሆናል።